በሁለት ዋንጫ የጠጡት ፍቅረኞች

ሰው ሁሉ ስለ ዙኒልዳ ሲያወራ ጣቶቿን ነው የሚያነሣው። እውነት ነው፤ በኢታውጓ ከተማ የሸረሪት ድር የምንለውን ጥልፍ እንደ እሷ የሚያወጣው የለም። እኔ ግን የማነሣው ልቧን ነው። ያን ልብ በቅርብ ያየሁት እኔ ነኛ!

ኒምያ እባላለሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ተቀምጬ የቴሬሬ ቅጠል እየወቀጥኩ እሸጣለሁ። እኛ አገር ያለ ቴሬሬ ቀን አይመሽም። ቅጠሉ በቀንድ ዋንጫ ይሞላል፣ በረዶ የገባበት ውኃ ይፈስበታል፣ ከዚያ በአንዲት የብረት መምጠጫ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። መምጠጫውን ጠርጎ የሚጠጣ ባለጌ ነው። እንቢ ያለ ደግሞ ተጣልቷል ማለት ነው።

ዴርሊስ በረዶ ያከፋፍል ነበር። አንድ ጠዋት ጆንያውን አውርዶ እኔ ጋ ሲያስቀምጥ ዙኒልዳ ናና ልትገዛ ቆማለች።

«ይሄ በረዶ ነው ወይስ ላብህ?» አለችው፣ የሚንጠባጠበውን እያየች።

«አንቺን እስኪያይ ድረስ ድንጋይ ነበር።»

«ወሬህ ግን አልቀለጠም።»

ገበያውን ሁሉ በአፉ የሚረታ ልጅ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሳዝንለት ጊዜ ዋንጫውን ሞልቼ ሰጠሁት። ጠጣና ለእሷ አቀበላት። እሷም ከዋንጫው በላይ አሻግራ እያየችው ቀስ ብላ ጠጣች። እኔም ናናዬን መውቀጥ ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ የዴርሊስ መኪና እኔ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ይበላሽ ጀመር። ሠፈሩ ሁሉ ገብቶታል፤ ሠርጉ መቼ ነው ብለው እኔን ይጠይቁኝ ነበር።

ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ዙኒልዳ እጄን ይዛ ከጆሮዋ ሥር አስነካችኝ። ባቄላ የሚያህል ነገር።

«ያምሻል?»

«አያመኝም እትዬ። አለማመሙ ነው ያስፈራኝ።»

የማውቀውን ቅጠል ሁሉ ለጠፍኩላት። እሱ እቴ! ጭራሽ አደገ። ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ዳሰሳት፣ ብብቷንም አየ፣ ከዚያ ሳይሸፋፍን ነገራት። «እጢው ወጥቶ ካልተመረመረ ምንነቱን አላውቅም። ካንሰር ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚሉት፣ እጢ ውስጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ምንም ላይሆንም ይችላል።»

አውቶቡስ ውስጥ አላለቀሰችም። በመስኮት እያየች፣ «ካንሰር ከሆነ የምሞተው እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ። «ቲቢ ከሆነ ግን በመምጠጫ ስንቱን በክያለሁ?»

የሴት አያቷ በዚያ በሽታ ነው የሞተችው። ዋንጫዋ ለብቻ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ማንም ሳይነካው። ዙኒልዳ ያንን እያየች ነው ያደገችው።

«ይተላለፍ እንደሆን ሐኪሙን እንመለስና እንጠይቀው» አልኳት።

«የማውቀውን ነገር ምን ብዬ ልጠይቅ? ለዴርሊስ እንዳትነግሪው ብቻ። ማይልኝ። ማዘኑን ውጤቱ ሲመጣ ያዝናል።»

ማልኩላት።

እሑድ የዴርሊስ እናት እማማ ብላሲዳ ምራቴን ልያት ብለው ምሳ ጠሩ፤ እኔም ተጠርቻለሁ። ግቢው ማንጎው ሥር ሞልቷል፤ የዴርሊስ እህትም አራስ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። እማማ ብላሲዳ በእጃቸው ሞልተው ዋንጫውን ለዙኒልዳ ዘረጉላት፤ የቤተሰቡን የብር መምጠጫ አድርገውበት! ልጅቷ ዋንጫውን አየች፣ ሕፃኑን አየች።

«ይቅርታ እማማ፣ አልጠጣም።»

እማማ ብላሲዳ የተዘረጋ እጃቸውን መመለስ አቃታቸው።

«የእኔን ቤት ዋንጫ ነው?»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዴርሊስ ፊቱ አመድ መሰለ። በር ድረስ ተከተላት። «ምን አደረግንሽ? እናቴን ሰው ፊት!» አላት። እሷም፣ «አንተም ብትተወኝ ይሻላል» ብላ ቀና ብላ ሄደች። እኔ ግን መታጠፊያው ጋ ስትደርስ አጥር ይዛ ስትንሰቀሰቅ አይቻታለሁ። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ዴርሊስ እኔ ጋ መጥቶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው አላት?» አለኝ። ምላሴን ነከስኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ያን ቀን ሆዴ ውስጥ ሊነቅዝ ደርሶ ነበር።

እጢው የወጣላት ዕለት አብሬያት ነበርኩ። አንገቷን ብቻ አደንዝዘው፣ እሷ ነቅታ ነው የሠሩላት። ስትወጣ ፊቷ ነጥቷል፣ አንገቷ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ልደግፋት ስል እሷ ትስቅብኛለች።

«ሐኪሙን መርፌውን ሲይዝ ሳየው፣ ‹ክሩን አታጥብቀው፣ ቆዳው ይሸበሸባል› አልኩት። ‹ዝም በይ፣ አንገትሽ ነው የምሰፋው› አለኝ። ‹አንገቴ ስለሆነ እኮ ነው› አልኩት!»

እንዲህ ናት። ማታውን ግን ማደንዘዣው ሲለቃት ነገሩ መጣ። አንገቷ አበጠ፣ ጠቆረ። የጆሮዋ ጫፍ የሌላ ሰው ጆሮ ይመስል ደነዘዘ። ጥልፏ ላይ ላጎንብስ ስትል ስፌቱ ይስባታል፤ ስለዚህ ጨርቁ የሚወጠርበትን ክብ እንጨት ግድግዳ ላይ ዓይኗ ትክክል አንጠልጥላ፣ ቆማ ትጠልፍ ጀመር። ስትደክም ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። አንድም ቀን ለምን እኔን ስትል አልሰማኋትም።

ዴርሊስ ፋሻውን ያየው እንዲህ ቆማ ስትሠራ፣ በመስኮት ነው። በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እኔ ሾርባ ላጠጣት እዚያው ነበርኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ነገረችው። ሁሉንም፤ ካንሰሩንም፣ ቲቢውንም። «የእህትህ ልጅ ገና አርባ ቀን አልሞላውም። እንዴት ልጠጣ?» አለችው።

እሱ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ዋንጫዋን ብድግ አድርጎ መምጠጫውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጁን በጥፊ መታችው! ውኃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«ጅል! ጀግና ነኝ ልትል ነው? ሕፃኑ ያለበት ቤት ነው የምታድረው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኝና እሱን ላድርግ።»

«እንጃ» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች። «ፈርቻለሁ ዴርሊስ። መሞት አልፈልግም።»

አላቀፋትም፤ አንገቷን እንዳያሳምማት ፈራ። እጇን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት እሷን ደግፎ እኔ ጋ አመጣት። ከመኪናው ሁለት ዋንጫ፣ ሁለት መምጠጫ አወረደ። አንዱን ለእሷ፣ አንዱን ለራሱ። ጉድ በል ኢታውጓ! ፍቅረኞች በሁለት ዋንጫ! አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል።

«ዴርሊስ፣ ገና ሳትጋቡ ተፋታችሁ?» ይለዋል ጋዜጣ ሻጩ።

«አፏ ይሸታል እንዴ?» ትላለች ዳቦ ሻጯ።

«የእኔ ነው የሚሸተው» ይላል ዴርሊስ። «እሷ ችላኝ ነው።»

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ በየጠዋቱ እንዲህ ተዋረደላት። ለእናቱ ልንገራቸው ቢላት እንቢ አለች፤ ስለዚህ እቤትም የእናቱን ኩርፊያ ችሎ ያድራል። ብዙ ወንድ በረዶ ሲሸከም አይቻለሁ፤ ይህን የሚሸከም ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ውጤቱ መጣ። ቲቢ ነው። ካንሰር አይደለም። ዴርሊስ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ደረትሽ ንጹሕ ነው» አላት ሐኪሙ። «እጢ ውስጥ ብቻ ያለው ወደ ሰው አይተላለፍም። ደግሞ በዋንጫና በመምጠጫ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም።»

«አይተላለፍም?»

«አይተላለፍም። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ዙኒልዳ አፏን በእጇ ይዛ፣ ስፌቷ እየሳባት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ እማማ ብላሲዳ ዘንድ ሄደች። ብቻዬን ልግባ ብላ እኛን ደጅ አቆመችን። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። የእማማ ብላሲዳን ድምፅ ግን ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። «ስለ ልጄ ልጅ ብለሽ ነው? እኔን አስቀይመሽ፣ ልጄን ትተሽ፣ ብቻሽን ተቆርጠሽ? አንቺ ልጅ፣ እናት የለሽም? እኔስ ምን ልሁን?» ከዚያ ለቅሶ። የሁለት ሰው ለቅሶ።

መድኃኒቱ ስድስት ወር ይዋጣል፤ በየቀኑ፣ ሰው እያየ። ጤና ጣቢያ ነርሷ፣ «ስትውጪ የሚከታተልሽ ማነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ» አለ ዴርሊስ።

«እኔ ነኝ!» አሉ እማማ ብላሲዳ። «እሱ በረዶውን እንኳ መንገድ ላይ ይረሳል።»

ነርሷ ዴርሊስን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «በየቀኑ ነው፤ ቀልድ የለም። ቤተሰብ ቢሆን ይመረጣል። አንተ ምኗ ነህ?»

አልተጫጩም፣ ቀለበት የለም፣ እንኳን ጋብቻ የጋብቻ ወሬ ካነሡ ሰንብተዋል። ምን ይበል? ዴርሊስ ወደ ዙኒልዳ ዞረ።

ዙኒልዳ የመጀመሪያውን ኪኒን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ በውኃ ዋጠችና፣ «ባሌ ነው» አለች።