አሥራ አራተኛው ሸክላ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ አበው። ቃሉ ለታጋሽ ሰው መጽናኛ ነው፤ ነገር ግን እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ድረስ የሚበቃውን ቀን የሚሰጥ ማን ነው? አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ይህን ቃል አምኖ አንዲት ልጁን አሳደገ፤ ይህንኑ ቃል አምኖም በደላት።

ጠራዡ የሚኖረው በሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ነበር። በፊተኛው ክፍል ወስፌው፣ የሙጫ ቆርቆሮውና የመጽሐፍ መጫኛው ብረት ተደርድረዋል፤ በኋለኛው ክፍል ደግሞ ሟች ሚስቱ የተወችለት ሸክላ ማጫወቻና የአንድ አንጋፋ የሮክ ባንድ የመጀመሪያው አልበም ይገኙ ነበር። ሚስቱ በሳንባ ሕመም ስትሞት ልጅቱ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ሐዘኑ ሳይወጣለት ይሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት የመጠረዣ መኪና አስገብቶ አሰናበተው። ያረጁ መጻሕፍትን እየጠገነ፣ እናትም አባትም ሆኖ ልጁን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አደረሳት። ባገኘችው ጠረጴዛ ሁሉ ላይ በጣቶቿ ዜማ ስለምትመታ «ከበሮ» ይላት ነበር። እነሆ፣ ሰው ደረሰችልኝ ባለ ማግሥት ልቧ ታመመ!

ትምህርቷን አቋርጣ ቤት ስትውል አባትና ልጅ አንድ ልማድ ጀመሩ። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሸክላ ቤት ሄደው ባንዱ በአርባ ዓመት ውስጥ ካወጣቸው አሥራ አራት አልበሞች አንዱን ይገዛሉ። የአባትየው ሕግ ግን የጠራዥ ሕግ ነበር፤ ተራ አይዘለልም። «አንድ እጥፍ ወረቀት ከቦታው የወጣበት መጽሐፍ፣ መጽሐፍ አይባልም» ይል ነበር።

እስከ ሰባተኛው ገዝተው በጨረሱበት ወር፣ በሰውነቱ ቅጥነትና ሸክላ በመርፌ በማጫወት ሙያው «ጋሽ መርፌ» የተባለው ባለሱቅ መከራቸው።

«ስምንተኛውን ዝለሉት። ዘፋኙና ጊታር መቺው ተኳርፈው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው የቀዱት ነው። እኔ የምሸጠው እንኳ አልሰማውም።»

«ጋሽ መርፌ፣ እንዲህ እያሉ ነው ደንበኛ የጨረሱት» አለች ልጅቱ። ከዚያም ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወዳለው የመጨረሻ አልበም አንጋጠጠች። «አባዬ፣ ዛሬ አሥራ አራተኛውን እንግዛ።»

«ስምንተኛውስ የት ሄዶ?»

«ሽማግሌ ሲሆኑ ምን እንደሚሉ መስማት ፈልጌ ነው።»

«ምን አስቸኮለሽ? ስድስት ወር ምን አላት?»

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እርጅናን ከእነሱ ካልሰማሁ ከማን እሰማዋለሁ? በራሴ አላየውም።»

ጠራዡ፣ ሐኪሙ «ብዙ አትቆይም» ብሎ ለእርሱ ብቻ የነገረውን እርሷም እንደምታውቅ በዚያች ቅጽበት ተረዳ። ታዲያ ለምን አልገዛላትም? ጨካኝ ስለ ነበረ ነውን? አይደለም! በልቡ አንድ ስሌት ነበረው፤ ያልተገዙ አልበሞች እስካሉ ድረስ ልጁ ወራት አሏት፤ የመጨረሻውን ዛሬ መግዛት ግን ሞትን «ግባ» ብሎ በር መክፈት መሰለው። ስምንተኛውን አንሥቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አብረው ሰሙት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ድስት ከነክዳኑ ደረጃ ላይ ሲንከባለል ነው!» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። እርሱም ሳቀ። በዚያ ቤት የተሰማው የመጨረሻ ሳቅ ያ ነበር…

ዘጠነኛውን ብቻውን ሄዶ ገዛ። እርሷ ተኝታ ሰማችው፤ ጣቶቿ የአልጋውን ጠርዝ ሲመቱ ከዜማው ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ራሷን ሳተች፤ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ አባትየውን ትከሻውን ይዞ «አጠገቧ ይሁኑ» ሲለው፣ ጠራዡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራውን ረሳ። በቀትር ፀሐይ እየሮጠ ሸክላ ቤቱ ደረሰ።

«አሥራ አራተኛውን ስጠኝ!»

ባለሱቁ አውርዶ ሰጠው፤ እጁን ግን ከሸክላው አላነሣም። «ልንገርህ ወይስ ልተወው ስል ሰነበትኩ። ስምንተኛውን የገዛችሁ ሰሞን ብቻዋን መጥታ ነበር። ‹አሥራ አራተኛውን ላጫውትልሽ፣ ቁጭ በይ› አልኳት። ‹አባዬ ሳይኖር? አይሆንም፣ ቅር ይለዋል› ብላኝ ሄደች።»

ወዮ! የተጠማች ልጅ ምንጭ አፋፍ ላይ ደርሳ ስለ አባቷ ሕግ ሳትጠጣ ተመለሰች! አባትየው አልበሙን ታቅፎ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠ።

በሆስፒታሉ ክፍል ሸክላ ማጫወቻ አልነበረም። አልበሙን ደረቷ ላይ አስቀመጠላት። በሽፋኑ ላይ አራት ሽበታም ሽማግሌዎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል። ልጅቱ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አየህ ይሄኛውን? ጥርሱ ወልቆ እንኳ ይስቃል» አለች። «አንተም እንዲህ ትሆናለህ።»

«ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። ያኔውኑ መግዛት ነበረብኝ። አሁን ማጫወቻውን አመጣዋለሁ፤ ሮጬ አመጣዋለሁ!»

«ተው፣ አትሂድ። አሥረኛው መቼ ተገዛና?»

«ተራው ገደል ይግባ!»

«አይግባ። በየወሩ አንድ አንድ ግዛ። ይሄን መጨረሻ ላይ ክፈተው። ቃል ግባልኝ፣ አባዬ።»

ጠራዡ ልጁ ምን እየሰጠችው እንደሆነ ገባው። እርሱ በተራው ሕግ ለእርሷ ሊያበጅላት የሞከረውን ወራት፣ እርሷ መልሳ ለእርሱ ታወርሰው ነበር። «እሺ» አለ። ጣቶቿ በሽፋኑ ላይ በዝግታ መምታት ጀመሩ… አንድ… ሁለት… ከዚያም አረፉ።

አበው አልዋሹም፤ እንቁላል ቀስ በቀስ ይሄዳል። ቀኑ ግን በመዳፋችን ያለ አይደለም፤ ሰውም የወደደውን ለነገ ሲያስቀምጥ ነገን ማን እንደሚያዝዘው ይዘነጋል። ዕጣ ለአንዱ አልበሙን ሰጥታ ጆሮውን ትወስዳለች፤ ለሌላው ጆሮውን ትታ አብሮት የሚሰማውን ትወስዳለች።

ጠራዡ አሥረኛውን፣ አሥራ አንደኛውን፣ አሥራ ሁለተኛውንና አሥራ ሦስተኛውን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ገዛ። በአምስተኛው ወር ወደ ሱቁ አልሄደም፤ ቤቱ ተቀምጦ አሥራ አራተኛውን ከፈተና ሁለቱንም ገጽ ሰማ።