ኬላውን የዞረችው የሮበሌ ልጅ

በረዶው የያዛቸው የለቡን ማሳ ሲያጋምሱ ነው። የነሐሴ በረዶ፣ ያውም ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል። ገዲሴ ነጠላዋን አጣጥፋ አናቷ ላይ ደረበች። እትዬ ሞልቱ ግን ከአህያዋ ጀርባ ጆንያውን ገፈፍ አድርጋ እንደ ቆብ ደፋችውና ሳቀች።

«አይዞሽ የከተማ ልጅ! ይሄ ገና ቁርሱ ነው፣ ምሳው ወንዙ ላይ ነው።»

እትዬ ሞልቱ ከፉሪ ጋራ እንጨት እየጫነች ጎፋ የምትሸጥ፣ ምላሷም ምሳሯም የተሳለ ሴት ናት። ገዲሴ ደግሞ የዚያው የጎፋ ልብስ ሰፊ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ አባቷን ካየች ሃያ አምስት። እናትና አባቷ ሲፋቱ አያቷ ወጋየሁ ልጅቱን ጎፋ አስቀርቶ፣ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግባት በአባት ስም ቦታ የራሱን ስም አስጻፈ። አማቹን «ባላገር» እያለ ከማዕድ የሚያሳንስ፣ ራሱን የቆለለ ሰው ነበር። ነፍሱን ይማር እንግዲህ፣ ከማረው።

ባለፈው እሑድ ሞልቱ እንጨቷን በር ላይ እያራገፈች፣ «ያ ከፉሪ ጀርባ ያለው ሮበሌ ዳባ ከነቤተሰቡ ለሰፈራ ተጽፏል፤ ሐሙስ ጠዋት መኪና ይወስዳቸዋል» አለች። ገዲሴ መቀሷን አስቀመጠች፤ ሮበሌ አባቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚያደርሱት የሚያውቁት እግዜርና ካድሬው ብቻ ናቸው።

በማግስቱ የይለፍ ወረቀት ልትጠይቅ ቀበሌ ሄደች። ፊደል ቆጥሮ ሰው መቁጠር የተሳነው ጸሐፊ መታወቂያዋን ገለባበጠው።

«ወዴት ነሽ?»

«አባቴ ጋ።»

«አባትሽ ወጋየሁ ነው ይላል። ወጋየሁ እዚሁ ጎፋ ነው የተቀበረው። ሮበሌ የምትይው ደግሞ የየት አገር አባት ነው?» ብሎ ሳቀባት። ወረፋ የያዘውም ሁሉ አብሮ ሳቀ። ያለ ወረቀት የጅማ መንገድ ኬላ አያሳልፍም። ስለዚህ ረቡዕ ማለዳ ኬላውን በጋራው ዞራ ልታልፍ የሞልቱን አህያ ተከትላ ወጣች።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ውኃው ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ያጓራል። ሞልቱ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች።

«እኔ ማጅራቷን እይዛለሁ፣ አንቺ ጅራቷን። ብትፈሳብሽም እንዳትለቂ!»

ገቡ። በሦስተኛው እርምጃ መሬቱ ከገዲሴ እግር ሥር ሄደ። ውኃው አገላበጣት፣ አጠጣት፣ ጫማዋን ነጥቆ ወሰደ። ጅራቷን ግን አልለቀቀችም። አህያዪቱ እያቃሰተች ዳር ስትወጣ እሷም እንደ እርጥብ ጆንያ ተጎትታ ወጣች።

«እንመለስ?» አለች ሞልቱ፣ ፊቷን አይታ።

«በዚሁ ወንዝ? አልመለስም!»

ከቀትር በኋላ ጋራውን ተያያዙት። ጉሙ ወርዶ ጽዱን ዋጠው፤ እሾሁ የገዲሴን ባዶ እግር ተለተለው። ድንገት አህያዪቱ ቆማ ጆሮዋን አቀናች። ከቁጥቋጦው ውስጥ ጅብ ብቅ አለ። በቀን የሚወጣ ጅብ፣ የራበው ነው። አንገቱን ደፍቶ ወደ አህያዪቱ ሆድ ተወረወረ። ሞልቱ ገመዱን ስትስብ አዳልጧት ወደቀች። ገዲሴ ከጭነቱ ላይ ምሳሩን ነጥቃ በሁለት እጇ ወረወረችው። ጅቡን ትከሻው ላይ አገኘው።

«ሂድ ከዚህ!»

ድምፁ ከየት እንደወጣ እሷም አላወቀችም። ጋራው መልሶ ጮኸ። ጅቡ እያነከሰ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሞልቱ ጭቃዋን እያራገፈች፣ «በይ ምሳሬን አምጪ። ለጅብ ስጦታ አልገዛሁትም» አለቻት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጋራው ጀርባ ወረዱ። የሮበሌ አጥር በር ላይ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ቆሟል፤ የገበሬ ማኅበሩ ዘብ ነው።

«ቁሙ!»

«ጉርሜሳ፣ ዓይንህ ጠፋ እንዴ? ሞልቱ ነኝ!»

«አንቺንማ አውቃለሁ። እሷ ማናት?»

«ሮበሌን ፈልጌ ነው» አለች ገዲሴ።

ጉርሜሳ ጠመንጃውን አወረደ። «ሮበሌ ሞቷል።»

በዚያን ዘመን ሰውን በስሙ ጠርቶ የሚመጣ እንግዳ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም፤ ልጅ አባቱን «ሞቷል» ብሎ ይሰውረው ነበር። ገዲሴ ግን ይህን ከየት ትወቀው? ጭቃው ላይ ተቀምጣ «አባቴን! አባቴን!» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር።

ከጎጆው ሳል ተሰማ። ረጅም ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ወጣ።

«ማነው በቁሜ የሚያለቅስልኝ? የማን ልጅ ነሽ?»

የሃያ አምስት ዓመት ልማድ ቀደማት። «ገዲሴ ወጋየሁ» አለች።

አፏን ብትይዘውም ቃሉ አምልጧል። የሽማግሌው ፊት እንደ በር ተዘጋ።

«እዚህ የወጋየሁ ልጅ የለችም።»

«አባቴ—»

«ሦስት ጊዜ ማር ተሸክሜ ጎፋ መጣሁ። ሦስቴም ወጋየሁ በሩ ላይ ቆሞ ‹እዚህ የሮበሌ ልጅ የለችም› አለኝ። ውሻ እንኳ እንዲያ አይባልም! ይኸው ዛሬ መለስኩለት።»

ገዲሴ ከጭቃው ተነሣች።

«እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የመለሱት ለኔ ነው። ስድስት ዓመቴ ነበር! እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ?»

ሽማግሌው ዓይኑን ከፊቷ ወደ እግሯ አወረደ። ጫማ የለም፤ ደምና ጭቃ ብቻ።

«ጉርሜሳ፣ ጠመንጃውን ስቀልና ውኃ አሙቅ።»

በዚያ ቤት ከመንገድ የመጣን ሰው እግር የሚያጥበው የቤቱ ታናሽ ነው።

«ለማታውቃት እንግዳ?»

«እንግዳ አይደለችም። ታላቅህ ናት።»

ጉርሜሳ አባቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። ጠመንጃውን ሰቅሎ በገበታ ውኃ ይዞ መጣ፤ እያጉረመረመ ተንበረከከ።

«ደህና አድርገህ እሸው፣ ጅብ ያባረረ እግር ነው!» አለች ሞልቱ።

አንዱን አጥቦ ሌላውን ሲያነሣ የሽማግሌው እጅ ትከሻውን ያዘው።

«ይሄኛውን ተው። የኔ ነው።»

በትሩን ጥሎ፣ ጉልበቱ እየተንቋቋ ወረደ። መኪናው ጠዋት ይመጣል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ያነሣው ግን የለም። እሾሁን አንድ በአንድ በጥፍሩ ነቀለላት።

«ውኃው አቃጠለሽ?» አላት ቀና ሳይል።

«አላቃጠለኝም፣ አባዬ።»

ያቃጥል ነበር። እግሯን ግን አልሳበችም።