የቀዝቃዛው ክፍል ሟች

የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ዶክተር ፕኒና ሞታ የተገኘችው በቀዝቃዛው ክፍል ወለል ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ ቀኝ እጇን ወደ በሩ እንደዘረጋች ነበር። ደም የለ፣ ቁስል የለ። የደም ናሙና የሚቀመጥበት ያ ክፍል ከአንድ ማጀት አይሰፋም፤ መስኮትም የለው። ጥጉ ላይ አንድ ነጭ የፎም ሳጥን ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ የተረፈው ደረቅ በረዶ ገና ቀስ እያለ ይጨሳል። ደረቅ በረዶ እንደ ተራው በረዶ ቀልጦ ውኃ አይሆንም። ጋዝ ሆኖ ነው የሚያልቀው፤ ጋዙ ጠባብ ክፍል ከሞላ ደግሞ ለሰው የሚተነፍሰው አየር አይተርፈውም።

መርማሪ ሽመልስ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ በዓይኑ ሲለቅም፣ አንድ ሽበታም ሰው ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«ተርጓሚው አንተ ነህ? መርማሪው መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ደርሷል» አለ ሽመልስ።

ሰውየው ይቅርታ አልጠየቀም። የቤተ ሙከራው አለቃ ፕሮፌሰር ኢላይ ነበር። ዖሜር በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ካለው ግቢው በመኪና እየመጣ በመኪና የሚመለስ፣ የእስራኤሏን ከተማ ቤርሼቫን በመኪና መስታወት ብቻ የሚያውቃት ሰው ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽመልስ ልጅ ሆኖ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል መጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መምህርቷ ስሙ ምላሷ ላይ አልዞር ቢላት «ሺሞን» ብላ ጻፈችው። ሒሳብ ይወድ የነበረውን ልጅ ብየዳ ወደሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ሰደዱት። ፖሊስ ሲሆን ደግሞ ከእሱ ኋላ የገቡት ሁሉ አለቆቹ ሆኑ። ይህን ሁሉ እንደ ኮሶ ውጦታል፤ መራራው ግን ጉሮሮው ላይ ቀርቷል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ኢላይ። «ትናንት አንድ ሳጥን መጣ። የዕቃ ክፍል ሠራተኛችን ላቀው ተሸክሞት ሲያልፍ አየሁ። እየጨሰ ነበር፣ እስከ አፉ ደረቅ በረዶ ተሞልቶ። ‹ቀዝቃዛው ክፍል እንዳታስገባው› አልኩት። የሰማኝ መስሎኝ ነበር። ሰዎቻችሁ ጨዋ ናቸው፣ ግን...» ትከሻውን ነቀነቀ።

«ሳጥኑ ምን ይዞ ነበር የመጣው?»

«አንቲቦዲ። ረዳት ቲ ሴል የሚባሉ የደም ሴሎች አሉ፤ ሰውነት ከበሽታ ሲዋጋ ሌሎቹን የሚያዙ ናቸው። አንቲቦዲው እነሱን ብቻ ለይቶ ይይዛል። ቀለም ስላለው መሣሪያው ውስጥ ያበራሉ፤ ያን ጊዜ እንቆጥራቸዋለን።»

«የማን ደም ነው የምትቆጥሩት?»

«የእናንተን» አለ ኢላይ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። «ከኢትዮጵያ የመጡ ሽማግሌዎችን። ጥናቱ በመላው ዓለም ተነቧል።»

ወዲያው የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ለሽመልስ ደወለ። «ሺሞን፣ ፕሮፌሰሩ ነግሮኛል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ላቀው የሚሉትን እስከ ማታ አስገባው፣ ነገ ዳኛ ፊት ይቆማል። ቤሴደር?»

«ቤሴደር፣ እሺ» አለ ሽመልስ። ነገር ግን ወደ መኪናው አልሄደም። ሬሳዋን ያገኘችውን ተማሪ ፈለገ። ሺራ የምትባል፣ ዓይኖቿ በለቅሶ ያበጡ ልጅ ናት።

«በሩን ስትከፍቺ አስቸገረሽ?»

«ምንም። ሳብ ሳደርገው ተከፈተ።»

«ከውስጥ የገባ ሰውስ እንዴት ይወጣል?»

«ገፋ ያደርጋል፣ በቃ። ቁልፍ የለውም።»

«ሬሳዋ እጇን ወደ በሩ ዘርግታለች» አለ ሽመልስ። «ታዲያ ስለምን አልገፋችውም?»

ሺራ ዞራ በሩን አየችው።

ሦስተኛው ተጠያቂ የቤተ ሙከራው ተመራማሪ ዶክተር ኦምሪ ነበር፤ ጥፍሩን የሚበላ ጎልማሳ። ትናንት ከሟች ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል።

«ስለ ሥራ ነው» አለ። «እዚህ ሁሉም ይጣላል። ዳይ፣ በቃ፣ እኔን ተወኝ!»

«አዲሱን አንቲቦዲ ያዘዘችው ፕኒና ናት አሉ።»

«የሽማግሌዎቹን ደም እንደገና ቀድታ ልትቆጥር ፈለገች። ምክንያቷን እሷን ጠይቃት።» የተናገረው ነገር ራሱን አስደነገጠውና ፊቱን አዞረ።

ላቀው ከታሃና መርካዚት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ፣ ከአንድ ያረጀ ፎቅ ሥር፣ ግቢው ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ ተገኘ። አጠገቡ ቀጭን ፍራሽ ተጠቅልሏል። እናቱ እማማ ካሳነሽ ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው፣ ምግብ ያለበትን ሳህን ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ላቀው ያነሣው እሳቸው ከራቁ በኋላ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እማማ።»

«ጤና ይስጥህ። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የትዋብ።»

«የትዋብ! ልጇ ፖሊስ ሆነ፣ ሚሽታራ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ። ምነው እሷ እንዲህ ጨዋ ሆና፣ አንተ ወንድምህን ልታስር መጣህ?»

«ላነጋግረው ነው፣ እማማ።»

«አነጋግረው። ሲጨርስልህ ግን ካቴናህን ወደ ነበረበት ኪስ መልሰው።»

ላቀው አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «ጠዋት ዕቃ ክፍሌን ከፈትኩ። ያቺ ልጅ ስትጮህ ሰማሁ። ከሩቅ አየሁና አመመኝ፣ መጣሁ። ሬሳው አጠገብም አልደረስኩ።»

ሽመልስ ፍራሹን አየ፣ ለብቻው የተቀመጠውን ሳህን አየ። በጎንደር ጎረቤቱ አይሁድ የሆኑ አባቶቻቸውን «አትንኩኝ» ይላቸው የነበረው ያለ ነገር አልነበረም። በሕጋቸው ሬሳ የነካ ሰው ቀኑ ሞልቶ በውኃ እስኪነጻ ከቤት አይገባም፣ ከሰው ገበታ አይቀርብም። እዚህ አገር ብዙው ሰው ይህን ትቶታል። እማማ ካሳነሽ ግን ሕጋቸውን ይዘው መጥተው ሕጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ ላቀው» አለ ሽመልስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሩቅ ያየ ሰው ደጅ ላይ አይበላም። ማንን ነክተህ ነው ከእናትህ ቤት የወጣኸው?»

ጉርሻው ላቀው እጅ ላይ ቀረ። እማማ ካሳነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ተናገር» አሉት። «ለእግዜር ያልዋሸኸውን ለሰው ትዋሻለህ?»

«ከሁሉ ቀድሜ የገባሁ እኔ ነኝ» አለ ላቀው። «የጋዝ በርሜል የሚጎተትበት ከባዱ ጋሪ ቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ተገትሯል። የትኛው ሰነፍ ነው ብዬ ጎትቼ ወደ ቦታው መለስኩት። በሩን ስከፍት ወድቃለች። ራሷን ቀና አደረግኳት፤ አልቆላታል። ትንፋሼም አጠረኝ። ጥቁር ሰው ከሬሳ ጋር ብቻውን ቢገኝ ማን ይሰማዋል? ዘግቼ ሸሸሁ።»

«ያ ሳጥንስ? ሲጨስ አየሁ ይላል ፕሮፌሰሩ።»

«ምን ሊጨስ! ዶክተር ፕኒና ራሷ ነች የከፈተችው። ለልጅ ምሳ ዕቃ የሚደረግ ዓይነት ሰማያዊ የበረዶ ከረጢት ነበረበት። ጠርሙሷን ይዛ ሄደች፣ ባዶውን ሳጥን ከዕቃ ክፍሌ በር ጀርባ ወረወርኩት። ግን እሱ አየሁ ካለ አየ ነዋ! የሱ ቃል ከኔ ይከብዳል።» ድምፁ ተሰበረ። «ደም ስጡ ብዬ ሽማግሌዎቹን በየቤቱ የለመንኩ እኔ ነኝ። አሁን ላቀው ዶክተሯን ገደለ ሲባል በየት በኩል አልፋለሁ?»

ሽመልስ አመነው። ማመኑ ግን ለዳኛ ምን ይረባል? ያስፈለገው ቃል ከቃል ሲጋጭ የሰው ፊት የማያይ ምስክር ነበር።

ላቀውን ይዞ ተመለሰና ሺራን ለብቻዋ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። መልሷን ሲሰማ እጅጌውን ሰበሰበ።

«የኔን ደም ቅጂ።»

ከዓመታት በፊት፣ ወታደር ሳለ፣ ለበሽተኛ ይሁን ብለው የሰጡት የወገኖቹ ደም በስውር ሲደፋ እንደኖረ ሰምቷል። የእሱም እዚያው ውስጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ክንዱን ለመርፌ ሰጥቶ አያውቅም። መርፌው ሲገባ ዓይኑን አልጨፈነም።

በኋላ ሁሉንም መሣሪያው ያለበት ክፍል ሰበሰባቸው። ኢላይ ሰዓቱን እያየ ገባ። ኦምሪ ግድግዳ ተደገፈ። ላቀው ሰው እንዳይነካ ከሁሉም ራቅ ብሎ ቆመ።

«ዶክተር ፕኒና ራሷን አዙሯት አልወደቀችም» ብሎ ጀመረ ሽመልስ። «በሩን ገፍታለች። ያልተከፈተላት ከውጭ ጋሪ ስለተገተረበት ነው። ላቀው ጠዋት ጋሪውን አንሥቷል፣ ፈርቶም ነገሩን ደብቋል። ሰው ጋሪ የሚገትረው በቸልተኝነት አይደለም። ይህ ግድያ ነው።»

«የላቀው ቃል!» አለ ኢላይ። «ሌላስ ምን አለህ?»

«የራሴ ደም አለኝ። ሺራ፣ አሳዪአቸው።»

ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች ፈሰሱ። ከመካከላቸው አንድ መንጋ ለብቻው ደምቆ ወጣ።

«የሱ ረዳት ቲ ሴሎች ናቸው» አለች ሺራ። «በአዲሱ አንቲቦዲ። ፕኒና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣው አገኘሁት።»

«ይህ አንቲቦዲ ደረቅ በረዶ ውስጥ ሆኖ ቢመጣስ?»

«አንድ ጊዜ ወደ በረዶ ከተለወጠ ቀለሙ ይሞታል። አንድም ሴል አያበራም። ለዚህ እኮ ነው በሰማያዊው ከረጢት የሚልኩት።»

ሽመልስ ወደ ኢላይ ዞረ። «ጠርሙሱ የመጣው አንተ ‹ሲጨስ አየሁ› ባልከው ሳጥን ነው። ጨሶ ቢሆን ይህ ስክሪን ጨለማ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሳጥኑ ሲመጣ አልጨሰም፤ ባዶውን በኋላ ደረቅ በረዶ ሞልቶ ክፍሉ ውስጥ ያስቀመጠ፣ እሷም ስትገባ በሩን በጋሪ የዘጋባት ሰው አለ። ኦምሪና ሺራ ሳጥን ሲከፍቱ የሚውሉ ናቸው፣ ቢዋሹ እንዲህ አድርገው አይዋሹም። ይህን ውሸት የሚዋሽ ዕድሜውን ሳጥን ሲከፈትለት የኖረ ሰው ነው።»

«ማ ፒቶም! እንዴት ይሆናል! ሌላ ሳጥን አይቼ ይሆናል። በዚህ ሰው ይከሰሳል?»

«በዚህ ብቻ አይከሰስም» አለ ሽመልስ፣ ዓይኑን ከሱ ላይ ሳያነሣ። «ኦምሪ፣ ፕኒና ደሙን እንደገና ልትቆጥር የፈለገችው ለምን ነበር?»

ኦምሪ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ፊተኛው ስላልተቆጠረ ነው» አለ። «አሮጌው አንቲቦዲ ተበላሽቶ ነበር፣ ምንም አላበራም። ፕሮፌሰሩ ‹ቁጥሩ ምን መሆን እንዳለበት እናውቃለን፣ ጻፍ› አለኝ። ጻፍኩ። ፕኒና ደርሳብን ነበር።»

«ደሙስ?» አለ ላቀው ከጥጉ።

«ተደፋ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ኦምሪ አንዴ ከጀመረ በኋላ ማቆም አልቻለም። «ትናንት ሁላችን ስንወጣ ፕሮፌሰሩ ከምድር ቤት የሚጨስ ባልዲ ተሸክሞ ሲመጣ አየሁት። ስኒውን እንኳ አጥቦ የማያውቅ ሰው! ልቀበለው ብል ‹ሂድ ቤትህ› አለኝ። ፈራሁ። እሱ ከወደቀ እኔም አብሬ ነዋ የምወድቅ።»

«አንድ ጠርሙስ» አለ ኢላይ፣ ለማንም ሳይሆን። «ዕድሜዬን የገነባሁትን በአንድ ጠርሙስ ልታፈርሰው ነበር።»

ሽመልስ ካቴናውን አወጣ። ደስታ ግን አልተሰማውም።

ፕሮፌሰሩ ከተወሰደ በኋላ ላቀው ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ነፃ ነህ እኮ፣ ጋሼ። ና፣ በመኪና ላድርስህ።»

«በሚሽታራ መኪና ሰፈሬ አልገባም» አለ ላቀው። «ሰው ‹ለቀቁት› አይልም፣ ‹አመጡት› ነው የሚል።»

ሽመልስ መኪናውን እዚያው ተወና አብሮት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደ። በመካከላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ቆሙ።

«ደም ሲሰጡ፣ ሽማግሌው አባ ጀምበሩ ክንዳቸው ደም ሥር አልገኝ ብሎ ሦስቴ ወግተዋቸዋል» አለ ላቀው። «‹ለልጆቻችን መድኃኒት ይወጣል› ስላልኳቸው ነው የቻሉት። አሁን ምን ልበላቸው?»

«የሆነውን።»

«ከነገርኳቸው ወዲያ ሲታመሙ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ ይመስልሃል?»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ተከፈተ። ላቀው ግን አልገባም።

«ይሂድ» አለ። «ምን እንደምላቸው ሳላውቅ አልደርስም።»