የታጠቡት ድንጋዮች

ጂኦሎጂስቱ በናሙና መጋዘኑ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የተገለበጠ መደርደሪያ ወገቡ ላይ ተጭኖታል።

«የቀን ጎዶሎ ሆኖበት ወደቀበት» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከበሩ ሳይርቅ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየች። መደርደሪያው ያረፈው ወገቡ ላይ ነው፤ የደቀቀው ግን ማጅራቱ ነው። ቀና ብላ ያልወደቁትን ሳጥኖች ቃኘች። ከመሬት ሆድ በመሰርሰሪያ የወጡት ድቡልቡል ድንጋዮች፣ ግማሻቸው ተሰንጥቆ ለላቦራቶሪ ሄዶ ቀሪው ግማሽ በየሳጥኑ ተደርድሯል። ሁሉም አቧራ ለብሷል፤ የአንዱ ሳጥን ብቻ ታጥቧል።

በሟች ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ አገኘች። ከቀሪዎቹ ግማሾች ጥቂት ቆርሶ ለሌላ ላቦራቶሪ ልኮ አስመርምሮ ኖሯል። መልሱ «ወርቅ የሚባል የለም» ይላል።

«የመጀመሪያው ውጤት ግን ወርቅ አለ ይላል» አለችው ሥራ አስኪያጁን።

«ቦታው ገና በቅጡ ያልተፈተሸ ነው። ነገ ቦታውን የሚገዙ ሰዎች ይመጣሉ።»

የቁፋሮ ኃላፊው ከአምስት ሠራተኞቹ ጋር ጠዋቱን ሙሉ ማሽኑ ላይ ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም ናሙና እየሰነጠቀ ለላቦራቶሪ የሚሄደውን ከረጢት ያሽጋል። «ጋሼ ለእኔ አባቴ ነበር» ብሎ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸውና አንድ ሳጥን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«በየቦታቸው መልሱልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ በቁመታቸው ደረደራቸው። የቁፋሮ ኃላፊው ሁለት ሞክሮ፣ «እኔ አወጣለሁ እንጂ አልገጥምም» ብሎ ተወው። ወንድምየው ስብራቱን እያየ፣ እያዞረ፣ አንዱን ከአንዱ አገናኘ። ሰባተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«በድንጋይ መታኸው» አለች መርማሪዋ ረጋ ብላ። «ደም የተረጨበትን ሳጥን አውጥተህ አጠብክ። ስትመልሰው ግን አንድ ስብራት እንኳ አልተዛነፈም። እንዲህ መግጠም የሚያውቅ ከሟች ሌላ አንተ ብቻ ነህ። ከዚያ መደርደሪያውን ገፋህበት። ከረጢቱን የምታሽገውም አንተ ነህ። ከረጢቱ ውስጥ የጨመርከውን ወርቅ ማን ሰጠህ?»

ወንድምየው ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለከተ።

«ወርቅ ከሌለ ሁላችሁም ትበተናላችሁ አለኝ። ጋሼ ደረሰበት። አልተቆጣኝም። ሊደውል ስልኩን አንስቶ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ ሲያመራ እዚያ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ያዘው።

ደጅ መኪና ቆመ። የአሮጊት ለቅሶ ተሰማ።

«እናታችን ናት» አለ ወንድምየው። «ማን ይነግራታል?»

«መሞቱን ነግሬያታለሁ» አለች መርማሪዋ። «የገደለውን አንተ ትነግራታለህ።»

በእጁ የቀረውን ሰባተኛውን ድንጋይ በቦታው ገጥሞ ተነሣ።