የአጫራቹ ድምፅ

ጊቴ በፖሃንግ ወደብ የዓሣ ዋጋ በዜማ እየጠራ የሚያጫርት አጫራች ነበር። ንጋት ላይ ዋጋ ሲጠራ ምላሱ እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ ከጨረታው ሲወርድ ግን ይንተባተባል። ገበያተኛው ይህን አያውቅም፤ ዝምታውን ኩራት ይለው ነበር። እኔም ጎረቤቱ፣ «ይሄ ልጅ ያለ ዋጋ አፉን አይከፍትም» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ዳሶም ከሱቄ በላይ ያለውን ክፍል ተከራይታ ንግግር የሚያስቸግራቸውን ታስተምራለች። እሱም በጓሮ በር ይመጣ ነበር። ትምህርቱ ካለቀ በኋላም መምጣቱን አልተወም።

«ጨርሰሃል እኮ፤ አሁን ደግሞ ምን አመጣህ?» አለችው አንድ ቀን፣ ደረጃው ላይ እየሳቀች።

«ል... ል... ልይሽ ብዬ።»

ቃሉን አልጨረሰችለትም፤ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። እንዲያ የሚጠብቀኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም። ቀናሁ፣ ምን ልዋሽ!

ይህች ልጅ ታዲያ የሥራዋን ነገር ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ትጽፋለች፤ የተሳካላትንም ያልተሳካላትንም።

«ከደበቅን ማን ከማን ይማራል፣ አክስቴ?» ትለኛለች።

የጊቴንም ጽፋ አነበበችልኝ። ስሙ የለም። ዋጋ ሲያዜም የማይንተባተብ፣ እናቱን በስልክ «እማ» ማለት ግን የሚያቅተው አጫራች ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ወደብ ስንት አጫራች አለና ነው?»

ፊቷ አመድ መሰለ። ግን ገበያው ቀድሞ አንብቦታል።

በማግስቱ አንዱ ተጫራች፣ «ሸ... ሸ... ሸርጣኑ ስንት ገባ?» ሲል ሰው ሁሉ አውካካ። ጊቴ ዜማውን ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። በሚቀጥለውም ቀን አልወጣም። ቦታውን ለሌላ ሰጡት።

ዳሶም ደረጃው ሥር ያዘችው።

«ጽሑፉን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ!»

«አ... አታጥፊው። አንዲት እናት አንብባው፣ ልጄ በዜማ አፉን ፈታ ብላ ጽፋልሻለች። አ... አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ይቅር በለኝ፣ ጊቴ።»

ቃሉን ሊያወጣ ታገለ። እሷም ጠበቀችው።

«ብ... ብ... ብትጠይቂኝ እኮ እሺ እልሽ ነበር።»

በሳምንቱ ኡሉንግ ደሴት፣ በረዶ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ በመርከብ ተሻገረ። እዚያ መናገር አያስፈልግም።

ጽሑፉ ዛሬም አለ። ዳሶም ግን ንጋት ላይ ጨረታው ሊጀመር ሲል፣ በበጋ ሙቀት እንኳ፣ መስኮቷን ትዘጋለች።

«አዲሱ አጫራች እኮ ድምፁ ጥሩ ነው» ብላት፣

«ይተዉኝ፣ አክስቴ» ትለኛለች።