ሳይጠይቅ የወሰነው ማሽን

ሽማግሌው የሞቱት በትራስ ተደግፈው፣ የኦክስጅኑ ጭምብል አፋቸው ላይ እንዳለ ነው። ሲሊንደሩ ባዶ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየበሽተኛው ቤት ኦክስጅን ሲያደርሱ የኖሩ ሰው ኦክስጅን አጥተው ሞቱ ሲባል፣ የሰማ ሁሉ ጆሮውን ተጠራጠረ።

ልጃቸው፣ የኦክስጅን አከፋፋዩ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ከቀብር መልስ ቀና ብሎ ሰው ማየት አቃተው። እንዴት ቀና ይበል? ትእዛዝ የሚገባው በድረ ገጹ ብቻ ነው፤ የስልክ ማዘዣውን «የማይቆም ገጽ እያለን ምን ያደርግልናል?» ብሎ ያስቀረው እሱ ነው። አባቱ በሞቱበት ቀን ጠዋት ገጹ ተዘጋ። እህቱ ከአባቷ አልጋ አጠገብ ሆና ኦክስጅን ለማዘዝ ደጋግማ ብትሞክር እምቢ አላት። ወንድሟ ጋ ብትደውል ደግሞ ስብሰባ ገብቶ ስልኩን አጥፍቷል። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይፈጀው ነበር። ታዲያ እፍረት የከበደው ሰው ምን ያደርጋል? የሚሸከምለት ጥፋተኛ ይፈልጋል።

«ሆን ብሎ ያበላሸብኝ ሰው አለ» አላቸው ለመርማሪዋ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሴት ናቸው። «ገጹን የሚያስኬደው ኮምፒውተር፣ ዋናው ሰርቨር፣ ቢሞት፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ መጠባበቂያ አለን። አንድ ፕሮግራም ዋናውን በየደቂቃው ‹አለህ ወይ?› ይለዋል። ሦስቴ ዝም ካለው፣ የገጹን አድራሻ ራሱ ወደ መጠባበቂያው ያዞራል። ሰው እጁን አያስገባም።»

«ሲሠራ አይተኸዋል?»

«እንዴታ! እንግዳ እየጠራን እናሳያለን።» ቪዲዮ ከፈተላቸው። የሰርቨር ባለሙያዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዋናውን ታጠፋለች። አንዱ እንግዳ «በቃ፣ ገደላችሁት!» ይላል። ሳቁ ሳያልቅ ገጹ ይመለሳል፤ ከዚያ ጭብጨባ ነው።

«እስቲ ድገምልኝ» አሉ መርማሪዋ። ሌላ ቀን የተቀረጸም አስከፍተው አዩ።

ቀጥለው ባለሙያዋን አስጠሩ።

«መጠባበቂያው ያን ቀን ጤነኛ ነበር?»

«ፍጹም ጤነኛ። ጠዋቱን ሙሉ ሥራ ፈቶ ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ አየሽው?»

«ምን ላድርግ፣ የማዞሪያው የይለፍ ቃል ሊቁ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነበር...» ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

ሊቁ የሚሉት ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው ነው። መርማሪዋ ቢጠይቁት «እኔ እንጃ» አለ።

መርማሪዋ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰቡ። ጥቁር የለበሰችው እህትም መጣች።

«ያበላሸ ሰው የለም» ብለው ጀመሩ። «ዋናው በራሱ ጊዜ ተቃጠለ፤ መጠባበቂያው ደህና ነበር። የጎደለው አዟሪው ፕሮግራም ነው። ልጄ፣ ማሽኑ ሦስቴ ሳይጠይቅ አይወስንም አልከኝ። ሦስት ደቂቃ ማለት ነው። ቪዲዮው ላይ ግን ሳቅ ሳያልቅ ወሰነ። እንዲህ የሚቸኩለው የሚሆነውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። ባለሙያዋም ሁልጊዜ ከማጥፋቷ በፊት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ለማን ምልክት ልትሰጥ? ሊቁ፣ ቪዲዮው ላይ የጥበቃው ሠራተኛ እንኳ አለ፤ አንተ የለህም። የት ነበርክ?»

«ከግድግዳው ወዲያ» አለ ሊቁ አንገቱን ደፍቶ። «አድራሻውን በእጄ እያዞርኩ። ፕሮግራሙ አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም።»

«አንተ ከሃዲ!» ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ለምን አትነግረኝም?»

የመለሰችው ባለሙያዋ ናት። «የመጀመሪያው ቀን ነግረንዎት ነበር እኮ። እንግዳ ፊት እምቢ ሲል ምን አሉን? ‹ሁለተኛ ብታዋርዱኝ ከዚህ በር ትወጣላችሁ!› ሁለታችንም ልጆች አሉን። ፈራንዎት። እስኪስተካከል ብለን ጀመርን፤ ጭብጨባው ሲለመድ ደግሞ መናገሩ አሳፈረን። እግዜር ይቅር ይበለን፤ ሰው ገደልን።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሁሉም እያየው ነው፤ እሱ ግን አሁንም ሌላ ሰው ፈለገ፣ ወደ እህቱ ዞረ።

«አንቺስ ገጹ እምቢ ሲልሽ ለምን ሌላ ሻጭ ጋ አልሮጥሽም?»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱም አፈረበት።

እህቱ አልተቆጣችም። «ልሮጥ ተነስቼ ነበር» አለች። «አባባ እጄን ያዘኝ። ‹ቁጭ በይ፣ ልጄ የሠራው ነገር አይቆምም፤ አሁን ይከፈትልሻል› አለኝ። ትንፋሹ እስኪያልቅ ይህንኑ ነበር የሚለኝ።»