ለአንድ አዳር የሚሆን ስም

ዝማሬ ድንጋዩን ከሚኒባሱ የኋላ ጎማ ሥር እየወሸቀች ሳለ አጥሩ ሥር ያቆሙበት ቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ጋሽ አስረስ የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ወደ እሷ መጡ። ገና አመሻሽ ነበር። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ የአባቷ መኪና የእጅ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። ያለዚያ ድንጋይ አይታደርም።

ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ሚኒባሱ ቀን ከጎፋ ለቡ ሰው ያመላልሳል፤ ሲመሽ አራቱም የቤቱ ሰዎች ይተኙበታል። ትንሽ ወንድሟ ኦሊያድ ማታ ማታ እንደ ወያላ በመስኮት ብቅ ብሎ «ወደ እንቅልፍ፣ ወደ እንቅልፍ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ሰሞኑን የሚስቅለት የለም።

የሚያቆሙበት እያጡ ነበር። ለቡ ከአንድ ጅምር ሕንፃ አጠገብ ጥበቃው አባረራቸው። ጎፋ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች የሰፈሩን ገጽታ ታበላሻላችሁ አሏቸው። መኪናው ባዶውን ቢያድር ማንም ቃል አይናገርም፤ ንብረት ነው፣ ይጠበቃል። ወንጀል የሚሆነው ሰው ሲተኛበት ነው። የራሳቸው ቸርች ሽማግሌዎች እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው አጥብቀው ጸለዩላቸው፤ ከዚያ ግቢው ለአዳር እንደማይፈቀድ ነገሯቸው። ዝማሬ የዚያን ቀኑን «አሜን» ባስታወሰች ቁጥር ጥርሷን ታፋጫለች።

ስለዚህ አባቷ ዳኜ ዋሸ። ጋሽ አስረስን «እኛም የተዋሕዶ ልጆች ነን» አላቸው። ቢጠየቁ የሚሉት እንዳያጡ ለልጆቹ የክርስትና ስም አወጣላቸው። የዝማሬ ወለተ ማርያም ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ አጥር ሥር መስታወት አንኳኩቶ የቀሰቀሳቸው የለም።

ጋሽ አስረስ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ዘረጉላት።

«እንኪ ልጄ፣ ጸበል ጻድቅ ነው። ነገ ሚኒስትሪ ትፈተናለች አለኝ አባትሽ።»

ተቀበለቻቸው። ጋሽ አስረስ ቸኩለው የመጡት ቄሱ ለሠርክ ጸሎት ሊገቡ ስለሆነ ነው።

«በይ የክርስትና ስምሽን ንገሪኝ። በጸሎት እንዲያስቡሽ እነግራቸዋለሁ።»

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትለው ዛሬ ተኝታ ታድራለች፤ ነገ ጥያቄው ላይ አታንቀላፋም። የሚያባርር ሰው ቢሆን ኖሮ ዓይኗን ሳታሽ ትዋሸው ነበር፤ ይገባዋልም። እኚህ ግን ዳቦ ይዘው መጡ። ጸሎቱ ደግሞ ወለተ ማርያም የምትባል ልጅ ፍለጋ ይሄዳል። እንደዚያ የምትባል ልጅ የለችም።

«ዝማሬ ነው» አለች። «ሌላ የለኝም፣ ጋሽ አስረስ። ጴንጤ ነን። አባቴ የዋሸዎት መተኛ ስላጣን ነው።»

ሽማግሌው ዳቦውን አልቀሟትም። ቢቀሟት ይቀላት ነበር።

«ለአስተዳዳሪው ምን ብዬ እንዳስፈቀድኩ ታውቂያለሽ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የኛው ሰዎች ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ ብዬ ነው። አሁን ምን ልበላቸው?»

ሂዱ አላሉም። ከልባቸው መልስ ይጠብቁ ነበር። የዝማሬ ቁጣ የሚያርፍበት ሰው አጣ።

ዳኜ ውሃ ቀድቶ ጀሪካኑን ተሸክሞ ተመለሰ። የሁለቱን ፊት ሲያይ ባለበት ቆመ። ኦሊያድ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሁለት ሰው…» ሲል እናቱ ዓለሚቱ ወደ ውስጥ ሳበችው።

«ታዲያ የት ልንሄድ ነው?» አለ አባቷ፣ እሷ የምታውቅ ይመስል።

ዝማሬ ዳቦውን በመስኮት ለእናቷ አቀበለቻት። ሽማግሌው ስለ እነሱ ሲሉ እንዲዋሹ አልፈለገችም፤ ከጎማው አጠገብ ተንበረከከችና ድንጋዩን ልትስበው በሁለት እጇ ያዘች። አትጥለውም፤ የሚቀጥለው ቦታ ላይም ያስፈልጋል።

«አባዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «ግባና የእግር ፍሬኑን ርገጥ።»